በዱር በገደል ሕይወትን ማትረፍ የሚያስተምር መምህር እንዴት ይሠለጥናል?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተሰጠ ንግግር)





የተሰጠኝ ርእስ ሰፊ ነው። ሰው በተራራ፣ በበረሓ ወይም በጫካ ውስጥ መንገድ ቢስት፣ ብርድ ቢይዘው፣ ውኃ ቢያጥረው ወይም ጕዳት ቢደርስበት ሕይወቱን እንዴት እንደሚያተርፍ የሚያስተምረው ሰው፣ ራሱ እንዴት ይሠለጥናል? ብዙዎቻችን መንገድ መሪዎች፣ የወጣቶች አሠልጣኞችና የስፖርት መምህራን ስለ ሆንን ጥያቄው ከዕለት ሥራችን የራቀ አይደለም።

የንግግሬን ፍሬ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ራሱን ማትረፍ የሚችል ሰው ሁሉ መምህር ሊሆን አይችልም። ከመምህሩ የሚፈለገው ዋናው ነገር እሳት የማንደድ ወይም ገመድ የማሰር ብልኀት ብቻ አይደለም፤ የሌላ ሰው ሕይወት በእጁ ሳለ አመዛዝኖ መወሰን መቻሉ ነው። ስለዚህ ሥልጠናውም፣ ፈተናውም፣ የምስክር ወረቀቱም በዚህ ችሎታ ላይ ሊመሠረቱ ይገባል እላለሁ።

የትምህርቱ አመጣጥ

በዱር በገደል መኖር ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። እረኛው፣ አዳኙ፣ የጨው ነጋዴው ጥበቡን ከአባቱ ሲማር ኖሯል። አዲሱ ነገር ጥበቡ በዚያ አገር ላልተወለደ ሰው በትምህርት ቤት መልክ መሰጠቱ ነው።

ከዘመናዊዎቹ ትምህርት ቤቶች በስፋት የሚታወቀው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1941 በዌልስ አገር፣ አበርዶቪ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ የተከፈተው አውትዋርድ ባውንድ ነው። ዘመኑ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነበር። የብሪታንያ የንግድ መርከቦች በጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች እየተመቱ ይሰጥሙ ነበር። የመርከብ ድርጅት ባለሀብት የነበረው ሎውረንስ ሆልት፣ በነፍስ አድን ጀልባ ላይ የወጡ ወጣት መርከበኞች ጕልበት እያላቸው ሲሞቱ፣ በዕድሜ የገፉትና ልምድ ያላቸው ግን ይተርፋሉ የሚል እምነት ነበረው። ስለዚህ በስኮትላንድ የጎርደንስቶን ትምህርት ቤትን ከመሠረተው ከኩርት ሃን ጋር ሆኖ፣ ወጣቶች በራሳቸው እንዲተማመኑና ለባልንጀሮቻቸው እንዲቆሙ የሚያደርግ ትምህርት ቤት አቋቋመ። ከጅምሩ እንደ ታሰበው እንግዲህ፣ ሰውን የሚያተርፈው የጡንቻ ብርታት ብቻ ሳይሆን ልምድና የመንፈስ ጽናት ነው።

ይህ ዐይነት ትምህርት በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ትምህርት ቤቶቹ ሲበዙ ግን ብቁ መምህር መገኘቱ ችግር ሆነ። ተራራ ወጪው ፖል ፔትዞልት በ1965 በዋዮሚንግ ግዛት፣ ላንደር ከተማ፣ በተለይ የዱር ጕዞ መሪዎችን የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት የመሠረተው በዚህ ምክንያት ነው። «መምህሩን ማን ያስተምረው?» የሚለው የዛሬው ጥያቄያችን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የተነሣ ነው ማለት ይቻላል።

በመጀመሪያ የሰውን ሰውነት ማወቅ

ሠልጣኙ በመጀመሪያ የሚማረው የሰው ሰውነት ምን ያህል እንደሚችልና በምን እንደሚሸነፍ ነው። ለማስታወስ የሚያመች፣ በብዙ አገር የሚነገር የሦስት ቍጥር ደንብ አለ። ሰው ያለ አየር 3 ደቂቃ፣ በክፉ የአየር ጠባይ ያለ መጠለያ 3 ሰዓት፣ ያለ ውኃ 3 ቀን፣ ያለ ምግብ 3 ሳምንት ያህል ይቆያል ይላል። ይህ የማስታወሻ ዘዴ እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፤ በበረሓ ፀሓይ የሚጓዝን ሰው ጥማት 3 ቀን አይጠብቀውም። የደንቡ ጥቅም ቅደም ተከተሉን ማሳየቱ ነው። ጀማሪ ሁሉ የሚበላ ቅጠልና ሥር ለማወቅ ይቸኩላል፤ ምግብ ግን የመጨረሻው ጕዳይ ነው። ጾም ለለመደ ሕዝባችን ከረኃብ በፊት ብርድና ጥማት እንደሚገድሉ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም።

ስለ ብርድ ልናገር። የጤነኛ ሰው ውስጣዊ ሙቀት 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው። ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ አደጋው ይጀምራል። ሰውየው ይንቀጠቀጣል፤ ጣቶቹ አልታዘዝ ይሉታል፤ ይደናቀፋል፤ ንግግሩ ይኮላተፋል፤ ያለ ምክንያት ይነጫነጫል። ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ መንቀጥቀጡ ያቆማል። ላላወቀ ተመልካች የተሻለው ይመስላል፤ እውነቱ ግን ወደ ሞት መቅረቡ ነው። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው ሁሉ ብርድም አእምሮን እያደነዘዘ ይወስዳልና፣ በሽተኛው ራሱ «ደኅና ነኝ» ቢል መምህሩ በቃሉ ብቻ ሊረጋ አይገባም። እርጥብ ልብሱን ማውለቅ፣ በደረቅ ነገር መጠቅለል፣ ከነፋስና ከመሬት ቅዝቃዜ መለየት፣ ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነም ትኩስና ጣፋጭ ነገር ማጠጣት ያስፈልጋል። አረቄ ያሞቃል የሚለውን ልማድ ግን መምህሩ አጥብቆ መቃወም አለበት። አልኮል በቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚከፍት የመሞቅ ስሜት ይሰጣል እንጂ የሰውነትን ሙቀት አውጥቶ ይበትናል።

ልብስም እንዲሁ ዕውቀት ይጠይቃል። ጋቢ ደረቅ ሳለ የሚወደድ ልብስ ነው፤ ጥጥ ስለ ሆነ ግን ከረጠበ በኋላ ሙቀት አይዝም፣ ለመድረቅም ይዘገያል። ሱፍ ቢረጥብም ሙቀት ይይዛል። የመንዝ ሰው ባናን ከበግ ጠጕር መሥራቱ በደጋ ብርድ የተፈተነ ዕውቀት ነው።

ስለ ሙቀት ደግሞ እንዲህ ነው። የሰውነቱ ሙቀት 40 ዲግሪ ደርሶ መቀባዠር ወይም መንገዳገድ የጀመረ ሰው በሞት አፋፍ ላይ ነው። ወደ ሕክምና ከማጓጓዝም በፊት ማቀዝቀዝ ይቀድማል፤ ወደ ጥላ ማስገባት፣ ልብሱን ማውለቅ፣ ገላውን በውኃ እያራሱ ማራገብ ያሻል። በጠራራ ፀሓይ በብርቱ የሚሠራ ሰው በሰዓት አንድ ሊትር ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ላብ ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ ውኃን በቍጠባ እየጠጡ በቀትር መጓዝ ጀግንነት አይደለም። ብልኀቱ ላብን መቈጠብ ነው፤ ይኸውም በቀትር ማረፍ፣ በማለዳና በምሽት መጓዝ ነው።

የሥልጠናው ደረጃዎች

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የጊዜ ጕዳይ ነው። ይህ ሙያ በጥቂት ቀን ኮርስ አይጠናቀቅም። ለምሳሌ ያህል የብሪታንያን የተራራ መሪነት ሥልጠና እንመልከት። ዕጩው ወደ 6 ቀኑ ኮርስ ከመግባቱ በፊት ቢያንስ 20 የተራራ ቀን በጕዞ መዝገቡ ላይ ማስመዝገብ አለበት። ለ5 ቀኑ ፈተና ለመቅረብ ደግሞ የቀኖቹ ብዛት 40 መድረስ አለበት። በተመራባቸው ቀኖች ብቻ የተሞላ መዝገብ ተቀባይነት የለውም፤ በዕቅዱና በመንገድ ፍለጋው ራሱ የተሳተፈባቸው፣ አዲስ ነገር የተማረባቸው ቀኖች መሆን አለባቸው። ከኮርሱ እስከ ፈተናው ያለው ጊዜ የዕረፍት ጊዜ አይደለም፤ የተማረውን በራሱ እግር የሚፈትንበት ጊዜ ነው።

የመጀመሪያ ርዳታ ትምህርቱም ከከተማው የተለየ ነው። በከተማ ርዳታ ሰጪው አምቡላንስ እስኪደርስ ድረስ በሽተኛውን ይጠብቃል። በዱር ግን ከበሽተኛው ጋር ሌሊቱን ሊያድር፣ ቃሬዛ ከእንጨትና ከልብስ ሊሠራ፣ ተሸካሚዎችን ሊያፈራርቅ ይገደዳል። ለዚህ ሲባል በአሜሪካ ለዱር ጕዞ መሪዎች የሚሰጠው የርዳታ ኮርስ አብዛኛውን ጊዜ ከ70 እስከ 80 ሰዓት ይፈጃል። በዚያ ትምህርት የቈዩ ልማዶች ይታረማሉ። እባብ የነደፈውን እግር በገመድ ማነቅ፣ በምላጭ መብጣት፣ መርዙን በአፍ መምጠጥ ጕዳቱን ያብሳሉ እንጂ አይጠቅሙም። የሚበጀው የተነደፈውን ሰው ማረጋጋት፣ እግሩን እንዳይንቀሳቀስ አድርጎ መደገፍና በቶሎ ወደ ሕክምና ማድረስ ነው።

ከዚህ በኋላ ሠልጣኙ ረዳት ይሆናል። ይህ ደረጃ የሥልጠናው ልብ ነው። በአንጋፋ መምህር ሥር ሆኖ ሰው መቍጠርን፣ የኋለኛውን መጠበቅን፣ ፊት ማንበብን ይማራል። የጕዞው ፍጥነት በደካማው እግር እንደሚለካ ይማራል። ሰው ሲደናገጥ እንዴት እንደሚሆንም ያያል። በአደጋ ጊዜ የሰውን ጠባይ ያጠናው ብሪታንያዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆን ሊች እንዳመለከተው፣ ድንገተኛ አደጋ ሲደርስ አብዛኛው ሰው ደንዝዞ ይቀራል፤ ተረጋግቶ የሚያስብ ጥቂት ነው። መንገድ ለጠፋበት ሰው «ቁም፣ አስብ፣ ዙሪያህን ተመልከት፣ ከዚያ ወስን» የሚባለው ትምህርት የሚደጋገመው በዚህ ምክንያት ነው። በድንጋጤ ጊዜ አዲስ ሐሳብ አይመጣም፤ የተለመደው ብቻ ይመጣል።

ሁለት መራራ ትምህርቶች

ብልህ ከሌላው ውድቀት ይማራል ይባላል። እኔም ሁለት አደጋዎችን ለአብነት አቀርባለሁ፤ ዓላማዬ የሞቱትንም ሆነ የመሯቸውን ለመውቀስ አይደለም።

የመጀመሪያው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በኖቬምበር 1971፣ በእኛ በኅዳር 1964 ዓ.ም.፣ በስኮትላንድ የኬርንጎርም ተራሮች ላይ የደረሰው ነው። ከኤድንበርግ ከተማ ለሥልጠና የመጡ ተማሪዎች በሁለት ቡድን ተከፍለው ወጡ። ጠንካራው ቡድን ከተራራው ሜዳ ላይ ወደ ነበረች አንዲት ትንሽ መጠለያ ደረሰ። 6 ተማሪዎች፣ አንዲት ወጣት መሪና አንዲት የ18 ዓመት ረዳት የነበሩበት ሌላው ቡድን ግን የበረዶ ውሽንፍር ያዘውና መጠለያዋን ሳያገኝ ሁለት ሌሊት ሜዳ ላይ አደረ። 5 ተማሪዎችና ረዳቷ ሞቱ፤ መሪዋና አንድ ተማሪ ብቻ ተረፉ። ከአደጋው በኋላ በተደረገው ምርመራ የመሪዎች ብቃትና ልምድ ጥብቅ ጥያቄ ሆነ። መጠለያዋም ሰውን ወደ አደጋ ትስባለች ተብሎ ብዙ ክርክር ከተደረገ በኋላ በ1975 ፈረሰች። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። ደካማው ቡድን ይበልጥ የበሰለውን መሪ ይፈልጋል፤ ጠንካራው ባያገኘው ይሻላል። ሁለተኛም፣ ከፊት መጠለያ አለ የሚል ተስፋ ወደ ኋላ መመለስ ይገባ የነበረበትን ሰዓት ሊያሳልፍ ይችላል።

ሁለተኛው አደጋ በጁላይ 2006፣ ማለትም በሐምሌ 1998 ዓ.ም.፣ በአሜሪካ በዩታ በረሓ የደረሰ ነው። አንድ የ29 ዓመት ሰው በዱር ሕይወትን ማትረፍ ሊማር በገንዘቡ ከፍሎ በገባበት ኮርስ፣ በሁለተኛው ቀን በውኃ ጥም ሞተ። ቀኑን ሙሉ በሙቀት ተጕዟል፤ ውኃ ለምኗል፤ በመጨረሻ የወደቀው ቡድኑ ሊደርስበት ከነበረው የውኃ ቦታ በቅርብ ርቀት ላይ ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን አስተማሪዎቹ ለአደጋ ጊዜ የሚሆን ውኃ በሻንጣቸው ይዘው መሆናቸው ነው። ተማሪው ድካሙን ራሱ ያሸንፈው ዘንድ ተብሎ ውኃው አልተሰጠውም።

ክቡራትና ክቡራን፣ ይህ ሁለተኛው ታሪክ ለሙያችን ትልቅ ፈተና ነው። በኬርንጎርም የጐደለው ልምድና የአየር ጠባይ ቸርነት ነበር። በዩታ ግን ዕውቀት ነበረ፤ ውኃም ነበረ። የጐደለው ትምህርቱ የሚያበቃበትንና ነፍስ ማዳን የሚጀምርበትን ድንበር ማየት ነው። ተማሪ እንዲጠነክር መምህሩ ትንሽ ችግር ሊተውለት ይገባል። እሳቱን ሁሉ እርሱ ካነደደለት፣ መንገዱን ሁሉ እርሱ ካሳየው ተማሪው አንዳች አይማርም። ነገር ግን ብርዱ መስሎ መታየት ያለበት እንጂ መግደል ያለበት አይደለም። ተማሪው አደጋ ውስጥ ያለ እየመሰለው፣ መምህሩ ግን ደኅንነቱን በእጁ ይዞ ሊጓዝ ይገባል። ሁለቱ የተምታቱ ቀን ሥልጠናው ሥልጠና መሆኑ ያበቃል። ስለዚህ ፈታኞች ዕጩውን ሲመዝኑ «እሳት ስንት ደቂቃ ፈጀብህ?» ከማለት ይልቅ «ጕዞውን የምታቋርጠው መቼ ነው? ለምን?» ብለው ሊጠይቁት ይገባል።

ከአገራችን ምን እናገኛለን?

በአገራችን ለዚህ ትምህርት የሚሆን ሜዳም፣ የቈየ ዕውቀትም አለ። ሰሜን ተራሮች ላይ ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ከፍታው በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በአማካይ ወደ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። ከ2,500 ሜትር በላይ የከፍታ ሕመም ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ቦታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ ከፍ እንዳይል፣ በየ3 ወይም በየ4 ቀኑም አንድ ቀን እንዲታረፍ ይመከራል። ከደባርቅ ወደ ሳንቃበር፣ ከሳንቃበር ወደ ግጭ፣ ከግጭ ወደ ጨነቅ የሚደረገው የተለመደ ጕዞ ለዚህ ደንብ የሚስማማ ነው። ችግሩ የሚመጣው ቸኩሎ በአንድ ቀን ከሁሉ ላይ ሊወጣ የሚፈልግ እንግዳ ሲገጥም ነው። ራስ ምታቱ እየበረታ፣ እርምጃው እየተንገዳገደ ወይም ተቀምጦም እየተነፈሰ የሚያቃስት ሰው መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ሳይውል ሳያድር ወደ ታች ማውረድ። ውኃም በጨነቅ ከፍታ የሚፈላው በ88 ዲግሪ ገደማ ስለ ሆነ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ለመጠጥ የሚፈላ ውኃ 3 ደቂቃ ሙሉ ሊንተከተክ ይገባል።

በሌላው ጫፍ የዳናክል ረባዳ አለ። ዳሎል ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ሲሆን፣ በ1960ዎቹ በተወሰደው ልኬት ዓመታዊ አማካይ ሙቀቱ ከ34 ዲግሪ በላይ ነበር። በዚያ አገር ሰው የሚኖረው ደግሞ በጡንቻው ብቻ አይደለም። የአፋር ሕዝብ «ዳጉ» የሚባል ልማድ አለው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቆመው ወይም ተቀምጠው፣ ከየት እንደ መጡ፣ ዝናብ የት እንደ ጣለ፣ ውኃና ሣር የት እንዳለ፣ በመንገድ ላይ ምን እንዳዩ በዝርዝር ይነጋገራሉ። የሰሙትን ሳያጣምሙ ለሚቀጥለው ማስተላለፍም ግዴታቸው ነው። ከየትኛውም ኮርስ በፊት የነበረ፣ በበረሓ ሕይወትን የሚያተርፍ ተቋም ይህ ነው። ከውጭ የሚመጣው ትምህርት ግለሰቡ ብቻውን ምን ማድረግ እንዳለበት ያተኵራል፤ ዳጉ ግን ሰው በበረሓ የሚተርፈው በሰው መሆኑን ያስተምራል።

ይህን ሳነሣ የቈየው ሁሉ ትክክል ነው ለማለት አይደለም። ስለ አረቄውና ስለ እባቡ የተናገርሁት ይበቃል። የሰሜኑ ባለ በቅሎና የፓርኩ ስካውት ግን ደመናው ከየት ሲነሣ ጭጋግ እንደሚወርድ፣ የትኛው ቀዬ በሌሊት እንደሚቀዘቅዝ፣ የትኛው ገደል በዝናብ እንደሚንሸራተት ያውቃሉ። ሠልጣኙ እነዚህን ሰዎች «አባ» ወይም «ጋሼ» ብሎ በአክብሮት ጠይቆ ካልተማረ ኮምፓሱና ካርታው ብቻቸውን አያድኑትም።

ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ

በዚህ መሠረት ለጉባኤው 4 ሐሳቦችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ዕጩ መምህር የጕዞ መዝገብ እንዲይዝ፣ መዝገቡም በፈተና ጊዜ እንዲመረመር። ስንት ቀን እንደ ተጓዘ ብቻ ሳይሆን በየቀኑ ምን እንደ ወሰነና ለምን እንደ ወሰነ ይጻፍበት።

ሁለተኛ፣ ማንም ሰው በረዳትነት ሳያገለግል ብቻውን ተማሪ ይዞ እንዳይወጣ። የረዳትነቱን ጊዜ ርዝመት ማኅበሩ ይወስን።

ሦስተኛ፣ ለጥቂት ሳይደርሱ የቀሩ አደጋዎች ያለ ስም የሚመዘገቡበት ደብተር በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይኑር። ሰው እንዳይወቀስ ስለ ፈራ የደበቀው አደጋ፣ ነገ በሌላው ላይ ተመልሶ ይመጣል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

አራተኛ፣ የአገሩን ጠባይ የሚያውቁ እረኞች፣ ባለ በቅሎዎችና መንገደኞች በሥልጠናው ላይ በክፍያ እንዲያስተምሩ። ዕቃ ተሸካሚ ተብለው ብቻ መቈጠራቸው ዕውቀታቸውን ማባከን ነው።

የምስክር ወረቀት በቶሎ ለመስጠት የሚገፋፋን ብዙ ነገር እንዳለ አውቃለሁ። የጐብኚው ብዛት፣ የወጣቶች ሥራ ፈላጊነት፣ የኮርስ ገቢ፣ ሁሉም ይገፋናል። ነገር ግን የሐኪም የምስክር ወረቀት እንዴት እንደሚሰጥ እናውቃለን፤ የእኛም ሰው፣ ሐኪም በሌለበት ገደል ላይ፣ የሌላውን ልጅ ሕይወት የሚረከብ ነው። የአንድ መምህር ክብር በተማሪዎቹ ፊት ባሳየው ጀግንነት አይለካም። ከእርሱ የተማሩት ሁሉ በሰላም ወደ ቤታቸው መመለሳቸው፣ አብዛኞቹም የተማሩትን በአደጋ ላይ ሳይጠቀሙበት ማርጀታቸው ነው የሥራው ምስክር።